የሚጨማደድ ቀለም፣ የሚላጥ ክሊር፦ የመኪና ቸርኬን በቤት ስለ ማደስ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዝቅ ይላል)

የእጅ ሙያ ትምህርት የሚቀርብበት ይህ ሳምንታዊ ዝግጅት ዛሬ የሚመለከተው የመኪና ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ወይም የአልሙኒየም ክብ አካል፣ በባለቤቱ እጅ በግቢ ውስጥ ሲቀባ የሚደርሱትን የቀለምና የላኬር ጉድለቶች ነው።

አንድ ቸርኬ ተቀብቶ ባለቀበት ሰዓት እንከን የለሽ መስሎ ከታየ በኋላ በማግስቱ የሚጨማደደው ለምንድን ነው? ሌላውስ ክረምቱን ተሻግሮ በጥቅምት ፀሐይ ላይ እየተላጠ የሚነሳው በምን ምክንያት ነው? አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በቀለሙ ጥራት ወይም በሻጩ ላይ ይጥላል፤ ጥራቱ የወረደ ቀለም የሚያጋጥምበት ጊዜ ባይጠፋም፣ የጉድለቶቹ መነሻ ሲመረመር ግን በጣሳው ውስጥ ካለው ቀለም ይልቅ ቀለሙ ባረፈበት ነገርና በአንዱ እጅና በሚቀጥለው እጅ መካከል በተሰጠው ጊዜ ላይ ሆኖ ይገኛል። እጅ ሲባል በቀቢዎች አነጋገር አንድ ጊዜ ተቀብቶ ያለቀ ንብርብር ማለት ነው።

(ዝግ ብሎ ይነበብ)

ይህ ነጥብ በዝግጅቱ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚነሳ አድማጮች ከወዲሁ ቢይዙት ይበጃል፦ ከላይ የሚታየው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ከሥሩ ባለው ንብርብር ወይም ቀደም ብሎ ባለፈው ሰዓት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ቀለም እንዴት እንደሚደርቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ማንኛውም የመርጫ ቀለም በመሠረቱ ከሦስት ነገሮች የተውጣጣ ሲሆን፣ እነርሱም መልክ የሚሰጠው ዱቄት፣ ዱቄቱን አያይዞ ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ እና ሁለቱን አቅጥኖ ለመርጨት የሚያመቸው ቲነር ናቸው። ቀለሙ ከተረጨ በኋላ ቲነሩ ይተንናል፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ቲነሩ ካለቀ በኋላ በሙጫው ላይ በሚሆነው ነገር ነው።

ላኬር የሚባለው ቀለም ቲነሩ ሲተን ብቻ የሚደርቅ ነው፤ ሙጫው ምንም ኬሚካላዊ ለውጥ ስለማያደርግ፣ ቀልጦ እንደረጋ ሰም ሁሉ፣ ያው ቲነር ተመልሶ ሲነካው እንደገና ይሟሟል። በ1923 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውን ላኬር ለመኪና ፋብሪካዎች ባቀረበ ጊዜና የጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪኖች በእርሱ መቀባት በጀመሩ ጊዜ ታላቅ ለውጥ የመጣው ቲነሩ ሲተን ብቻ በመድረቅ ጠባዩ የተነሳ ነበር፤ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የመኪና ቀለም በፍጥነት ስለሚደርቅ ሥራው በእጅጉ አጠረ።

በአንጻሩ በገበያ ሲንተቲክ ወይም ኢናሜል እየተባለ የሚሸጠው ቀለም በሁለት ደረጃ ይደርቃል። በመጀመሪያ ቲነሩ ይተንና ቀለሙ ሲነኩት የማይጣበቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሙጫው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ስለዚህ በጣት ተነክቶ የደረቀ የሚመስለው ኢናሜል ውስጡ ገና ያልበሰለ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከሃርድነር፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ባለ ሁለት አካል ቀለም ነው። ይህ በኬሚካላዊ ግንኙነት የሚጠነክር ስለሆነ አንዴ ከበሰለ በኋላ ቤንዚንም ሆነ ቲነር በቀላሉ አያሟሟውም።

(አጭር ቆይታ)

አሁን ወደ መጨማደዱ እንመለስ። የቤት ቀቢው ቸርኬውን በሲንተቲክ ቀለም ቀብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ጠዋት በእጁ ዳስሶ ደርቋል ብሎ፣ ከላዩ የላኬር ክሊር ይረጫል፤ ክሊር ደግሞ ለጥበቃና ለማንጸባረቅ ከሁሉም በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ንብርብር ነው። የላኬር ቲነር ብርቱ በመሆኑ ግማሽ ወደበሰለው ኢናሜል ውስጥ ይሰርጋል፤ የኢናሜሉ ገጽታ እርስ በርሱ መቆላለፍ ስለጀመረ ሊሟሟ አይችልም፤ ገና ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ሊቋቋመውም አይችልም፤ በመሆኑም ያብጣል። ያበጠ ነገር ቦታ ይፈልጋል፤ ወደ ጎን የሚሄድበት ስለሌለው ከብረቱ ተነስቶ ይታጠፋል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ገጽታው በሙሉ ተጨማዶ ይገኛል።

ብዙ የመርጫ ጣሳዎች ጀርባ ላይ የሚቀጥለው እጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲረጭ የሚል ማስጠንቀቂያ ታትሞ ይገኛል። አድማጭ ይጠይቅ ይሆናል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተፈቀደው ነገር በአምስተኛው ወይም በሃያኛው ሰዓት ለምን ይከለከላል? ምክንያቱ ከላይ የተነገረው ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የታችኛው እጅ ገና ክፍት ስለሆነ ከላይኛው ጋር ተዋህዶ አንድ ይሆናል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የላይኛውን ቲነር ለመቋቋም በቂ ጥንካሬ አግኝቷል፤ አደጋው ያለው በመካከሉ ነው። በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው አየር የመካከሉ ጊዜ እንደሚረዝም መታወቅ አለበት፤ ጣሳው ላይ የታተመው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ በረንዳ ላይ ያለ ቸርኬ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ሰው የቸርኬው ነባር ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያውቅ ምን ማድረግ ይችላል? ቀላል ፈተና አለ። በቸርኬው ጀርባ፣ ለዓይን በማይጋለጠው ስፍራ፣ በላኬር ቲነር የራሰ ነጭ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተይዞ ይታሻል። ቀለሙ ሟምቶ ጨርቁን ካቀለመ ነባሩ ላኬር ነው፤ ካበጠና ከተጨማደደ በአየር የሚደርቅ ኢናሜል ነው፤ ምንም ካልሆነ ደግሞ በሃርድነር የበሰለ ወይም በፋብሪካ ምድጃ የጠነከረ ነው። የጨርቁ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚዘለለው ግን እርሱ ነው።

ቀለሙ ከተጨማደደ በኋላ ሌላ እጅ ረጭቶ ለመሸፈን መሞከር ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም፤ ከላይ የሚጨመረው ቲነር ወደ ታች ይሰርጋልና። መፍትሔው ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ጠብቆ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ካልሆነም እስከ ብረቱ ድረስ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ይህ ከባድ ፍርድ ቢመስልም፣ ግማሽ የበሰለ ቀለም ላይ የተሠራ ጥገና ዕድሜ የለውም።

(የብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚሰማ ድምፅ፤ ዝቅ ይላል)

ፍቆ መጀመር ሲባል ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ቀለሙ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? የብረት ቸርኬ ከሆነ ጉዳዩ አጭር ነው፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪጠራ ተፍቆ፣ በዚያው ቀን ዝገት ተከላካይ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ብረቱን የሚይዝ የመጀመሪያ ንብርብር፣ ይረጭበታል። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም የሚይዘው ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይደለም።

አልሙኒየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። የተፋቀ አልሙኒየም አየር እንደነካው ወዲያውኑ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህ ሽፋን ብረቱን ከመበላት የሚጠብቅ ቢሆንም ተራ ቀለም በላዩ አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ ራቁቱን ላለ አልሙኒየም ወይ አሲድ ያለበት ፕራይመር ወይም ባለ ሁለት አካል ኢፖክሲ ፕራይመር ያስፈልገዋል። አሲድ ያለበት ፕራይመር በውስጡ ባለው ፎስፎሪክ አሲድ አማካይነት የብረቱን ገጽታ በጥቂቱ እየነከሰ የሚጣበቅ ሲሆን፣ በስሱ ብቻ ይረጫል፤ ወፍራም ሆኖ የተረጨ እንደሆነ አሲዱ በውስጡ ታምቆ ይቀርና መጣበቁን ራሱ ያበላሻል።

እዚህ ላይ በግቢ ሥራ ዘወትር የሚታይ ስሕተት አለ። ቸርኬው ከጠርዝ ድንጋይ ጋር ተፋትጎ የተቦረቦረ ከሆነ ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል፤ ነገር ግን በሃርድነር የሚጠነክረው ፖሊስተር ስቱኮ አሲድ ባለበት ፕራይመር ላይ ከተለጠፈ አሲዱ አጠነካከሩን ስለሚያውክ ስቱኮው ውሎ አድሮ ይነሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ስቱኮውን በደንብ በተፋቀ ብረት ወይም በበሰለ ኢፖክሲ ላይ አድርጎ፣ ካለሰለሱት በኋላ ወደ ፕራይመር መሄድ ነው። ስንጥቅ ያለበት ወይም የተጣመመ ቸርኬ ደግሞ የስቱኮ ጉዳይ አይደለም፤ ስንጥቁ በቀለም ተሸፍኖ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

አልሙኒየምን በብረት ሽቦ ብሩሽ መፋቅም አይመከርም፤ ከብሩሹ የሚቀሩት ጥቃቅን የብረት ብናኞች በገጽታው ውስጥ ተቀብረው እርጥበት ባገኙ ቁጥር በዙሪያቸው ያለውን አልሙኒየም ያስበላሉ። ቀለም ለማስለቀቅ ተብሎ ኮስቲክ ሶዳ መጠቀምም እንዲሁ ነው፤ ሶዳው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አልሙኒየሙን ጭምር እያሟሟ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል።

(ዝግ ብሎ ይነበብ)

ከላይ የሚታየው ጉድለት ከሥሩ ባለው ንብርብር የተሠራ ነው። ከሥር ያለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ቀለም ወይም ብረት ላይሆን ይችላል።

በተረጨ ቀለም ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ወዲያው ተከፍተው ቀለሙ ወደ ዳር ሲሸሽ፣ ባለሙያዎች የዓሣ ዓይን ይሉታል። ምክንያቱ ቅባት ነው፤ በቸርኬ ላይ ደግሞ ዋነኛው ወንጀለኛ ሲሊኮን ነው። በየላቫጆው መኪና ታጥቦ ሲያበቃ ጎማውን ጥቁርና አንጸባራቂ ለማድረግ የሚቀባው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለበት፤ ጎማው ሲሽከረከርም ይህ ፈሳሽ በቸርኬው ገጽታ ላይ ይበተናል። ሲሊኮን በቤንዚን በራሰ አንድ ጨርቅ ሲታሽ አይጠፋም፤ ይዳረሳል እንጂ። የሚሠራው ዘዴ ሁለት ጨርቅ መያዝ ነው፤ አንዱ በቅባት ማስለቀቂያ ርሶ ገጽታውን ያሻል፤ ሁለተኛው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ፈሳሹ ሳይተን ቅባቱን አንሥቶ ይወስዳል። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ይለወጣሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ይህ ጽዳት ነው፤ ከብርጭቆ ወረቀቱም በፊት። ለምን? ቅባቱ ሳይነሳ ገጽታው ከተፋቀ ወረቀቱ ቅባቱን በጭረቶቹ ውስጥ ቀብሮት ያልፋል። በውኃና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ በቅባት ማስለቀቂያ ማሸት፣ ከዚያ መፋቅ፣ ከዚያም እንደገና ማሸት፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከፍሬን ሸራ የሚወጣው ጥቁር ብናኝም በዚሁ እጥበት መወገድ አለበት፤ ብናኙ ውስጥ ያለው ብረት በትኩሱ በቀድሞው ክሊር ላይ ተጣብቆ የሚዝግ ነውና።

የሚቻል ከሆነ ጎማውን ጎሚስታ ዘንድ አስወልቆ መሥራት ከሁሉ ይሻላል። በወረቀትና በፕላስተር ተሸፍኖ የተቀባ ቸርኬ ጎማው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ሁልጊዜ ያልተፋቀና ያልጸዳ ቀጭን ክብ ይተዋል፤ ቀለሙ መነሳት የሚጀምረውም ከዚያ ክብ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው ጉዳይ የአየር ሁኔታ ነው። በክረምት የረጩት ጥቁር ቀለም ወይም ክሊር ደርቆ ሳለ ወተት የተነካ የሚመስል ነጭ ጭጋግ ለብሶ ሲገኝ ምን ሆኖ ነው? ቲነር ሲተን ከገጽታው ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ብረቱም ይቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥበት የሞላበት ከሆነ በቀዘቀዘው ገጽታ ላይ ጤዛ ያርፍና ውኃው በሚደርቀው ላኬር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በሙያው የተለመደው ሕግ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲበልጥ የሚያዝ ነው፤ መለኪያ ለሌለው ሰው ግን ይህ ማለት ሌሊቱን ውጭ ያደረ ቸርኬ ጠዋት አይቀባም፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ወዲያውኑ አይቀባም፣ ጣሳውና ቸርኬው አንድ ላይ ቤት ውስጥ አድረው ይሙቁ ማለት ነው።

ነጭ ጭጋግ የለበሰ ላኬር ከመጨማደድ ይልቅ ምሕረት አለው። ላኬር ያው ቲነር ሲነካው እንደገና እንደሚሟሟ ቀደም ሲል ተነግሯል፤ ስለዚህ ደረቅና ሞቃት ቀን ተጠብቆ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ቢረጭበት ገጽታው ለቅጽበት ይከፈትና የታሰረው እርጥበት ሊወጣ ይችላል። ይህ በሃርድነር በበሰለ ቀለም ላይ አይሠራም።

የበጋው ችግር የተገላቢጦሽ ነው። በቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት ላይ የተረጨ ቀለም ከላይ ቶሎ ቆዳ ያበጅና ከሥር የቀረው ቲነር መውጫ ሲያጣ ገጽታውን እየበሳ ይወጣል፤ ውጤቱ መርፌ የነካው የሚመስል ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቲነርም በስስ አየር ይበልጥ ፈጥኖ ይተንናል። ቆላ ውስጥ ያለ ቀቢ ከሙቀቱ የሚያገኘውን መፍጠን፣ ደጋ ላይ ያለው ከከፍታውና ከፀሐዩ ያገኘዋል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ባሉት በጥቅምትና በኅዳር ወራት፣ ረፋድ ላይ፣ በጥላ ስር መቀባት ለደጋው ነዋሪ የተሻለው ምርጫ ነው፤ በዚህም ወቅት ቢሆን አቧራ ስለሚኖር መሬቱን ቀድሞ በውኃ መርጨት ይጠቅማል።

(የመርጫ ጣሳ ሲናጥ የሚሰማ የኳስ ድምፅ)

የእጅ አያያዝ ጉድለቶች ብዙ ጊዜ ይወራላቸዋል፤ ሆኖም ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው። ቀለም ከቅርብ ወይም በዝግታ ሲረጭ ይንጠባጠባል፤ ከሩቅ ሲረጭ ነጠብጣቡ በአየር ላይ እያለ ይደርቅና ገጽታው ሲዳሰስ ሻካራ ይሆናል፤ በመካከሉ ደግሞ ነጠብጣቡ ከማረፉ በፊት በከፊል ደርቆ መዘርጋት ሲያቅተው የብርቱካን ልጣጭ የሚባለው ጎርበጥባጣ ገጽታ ይፈጠራል። ጣሳውን በ25 ሴንቲሜትር አካባቢ ይዞ፣ እጅን ሳያቋርጡ እያንቀሳቀሱ፣ ከአንድ ወፍራም እጅ ይልቅ ሦስት ስስ እጅ መርጨት ሁሉንም ይቀንሳል። ጣሳው በውስጡ ያለው ኳስ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል መናጥ አለበት። ቀዝቃዛ ጣሳ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጣሳ ሊፈነዳ ይችላልና።

ብርማ ቀለም ለብቻው መነሳት ይገባዋል። መልኩን የሚሰጡት በውስጡ የተበተኑት ጥቃቅን የአልሙኒየም ቅንጣቶች ስለሆኑ፣ በጣም እርጥብ ሆኖ ሲረጭ ቅንጣቶቹ ወደ ሥር ሰምጠው ይጠቁራሉ፤ ደርቆ ሲረጭ ግን ከላይ ተበትነው ይነጣሉ። በአንድ ቸርኬ ላይ ጥቁርና ነጭ ጥላ እየተፈራረቀ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ብርማ ቀለም ከክሊሩ በፊት በብርጭቆ ወረቀት መነካት የለበትም፤ የተፋቁት ቅንጣቶች አንጸባራቂነታቸውን አጥተው በክሊሩ ሥር ጭረት ሆነው ይቀራሉ።

ክሊሩ ራሱስ? አድማጮች እዚህ ላይ ምርጫ አላቸው፤ ምርጫውም ዋጋ አለው። ያለ ሃርድነር በጣሳ የሚሸጠው ተራ ክሊር ለመርጨት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይለሰልሳል፤ ከፍሬን የሚፈስ ዘይትም፣ በተለይ ዶት 3 እና ዶት 4 የተባለው ዓይነት፣ ያነሳዋል። ቸርኬ ደግሞ ከፍሬኑ አጠገብ የሚኖር ዕቃ ነው። ባለ ሁለት አካሉ ክሊር እነዚህን ሁሉ ይቋቋማል፤ በጣሳ የሚሸጠውም ከሥሩ ያለው ቁልፍ ሲጫን በውስጡ ያለው የሃርድነር ዕቃ ተበስቶ የሚቀላቀል ነው።

(ዝግ ብሎ፣ በአጽንዖት)

ሃርድነሩ ግን አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል ሳንባን ያስቆጣል፤ አንዴ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱ እንኳ ሲነካው ከባድ አስም ሊነሳበት ይችላል፤ በቀለም ቀቢዎች ላይ ከታወቁት የሥራ በሽታዎች አንዱም ይኸው ነው። ለአቧራ የሚደረግ ጨርቅ ወይም የሕክምና ጭንብል ምንም አይከላከልም። በሙያው ቤት ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል ይደረጋል፤ ይህ የሌለው የቤት ቀቢ ባለ ሁለት አካሉን ክሊር ለቀለም ቤት ትቶ፣ የቀረውን ሥራ ራሱ ቢሠራ ይሻለዋል። ቸርኬው ተፍቆና ተቀብቶ ለክሊር ብቻ መወሰዱ ነውር የለውም።

የእሳት ጉዳይም አለ። የጣሳው ገፊ ጋዝና የቲነሩ ትነት ሁለቱም ተቀጣጣዮች ናቸው፤ ከአየርም ስለሚከብዱ በመሬት ላይ እየተሳቡ ራቅ ወዳለ እሳት ሊደርሱ ይችላሉ። በግቢው ማዶ ቡና ለመቁላት የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ካለ ቡናው እስኪያልቅ ቀለሙ ይጠብቅ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከወራት በኋላ የሚታየው ጉድለት ከነዚህ ሁሉ የተለየ መልክ አለው። በአልሙኒየም ቸርኬ ክሊር ሥር ቀጭን፣ ነጭና ጠመዝማዛ መስመሮች ከአንድ ጭረት ወይም ከቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ ተነስተው ይዘረጋሉ። እርጥበትና ጨው በጭረቱ ገብተው በክሊሩና በብረቱ መካከል እየተጓዙ አልሙኒየሙን ይበላሉ፤ ክሊሩም ከሥሩ እየተፈታ ይላጣል። በፋብሪካ በማሽን ተቆርጦ ፊቱ ራቁቱን አልሙኒየም የሆነ፣ ከላዩ ክሊር ብቻ የለበሰ ቸርኬ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ከሥሩ የሚይዘው ፕራይመርም ሆነ ቀለም የለውምና። እንዲህ ያለውን ቸርኬ በቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ክሊር መርጨት ለጥቂት ወራት ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ይላጣል። ባለቤቱ የማሽን መልኩን ትቶ በፕራይመርና በብርማ ቀለም ቢያለብሰው ዕድሜው ይረዝማል።

ስለ ምድጃም አንድ ነገር መታከል አለበት። አንዳንድ ሰዎች ቀለሙ እንዲጠነክር ቸርኬውን በዳቦ ቤት ምድጃ ለመጋገር ያስባሉ። በሻጋታ የሚሠሩ ብዙ የአልሙኒየም ቸርኬዎች በፋብሪካ ጥንካሬያቸውን ያገኙት ከ150 እስከ 170 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ቆይተው ነው፤ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ የጋለ ቸርኬ መልኩ ሳይለወጥ ጥንካሬውን ያጣል። ሙቀቱ የማይታወቅ ምድጃ ለቸርኬ አይሆንም።

በመጨረሻ የሚቀረው ቀለም መቀባት የሌለባቸው ቦታዎች ናቸው። ቸርኬው ከሞዞው፣ ማለትም ከሚታሰርበት የመኪናው አካል፣ ጋር በሚገናኝበት በጀርባው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንዲሁም ዳዶዎቹ፣ ማለትም ቸርኬውን አጥብቀው የሚይዙት፣ በሚያርፉበት ቀዳዳ ዙሪያ ወፍራም ቀለም ካለ፣ ዳዶው ሲጠብቅ የሚጨምቀው ቀለሙን ነው። መኪናው ሲነዳ ከፍሬን የሚወጣው ሙቀትና ንዝረት ቀለሙን ያሳሳዋል፤ ቀለሙ በሳሳ መጠን ዳዶው ያለማንም ንክኪ ይላላል። ስለዚህ እነዚህ ቦታዎች ከመርጨቱ በፊት በወረቀት ፕላስተር መሸፈን አለባቸው።

የተቀባ ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ ዳዶዎቹ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው የማጥበቂያ መጠን ይጠብቃሉ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም፣ ቸርኬው በረድ ሲል፣ እንደገና ይፈተሻሉ። በፍተሻው አንድ ዳዶ እንኳ ላልቶ ከተገኘ አጥብቆ መሄድ አይበቃም፤ ቸርኬው ወርዶ መቀመጫው መታየት፣ ቀለም ካለበትም እስከ ብረቱ መፋቅ አለበት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል)